እሜቴ አትጠገብና ላባ ቅጠሎቻቸው

እሜቴ አትጠገብ ማረፋቸውን የሰማሁት ከመንደራችን ወጥቼ መኖር ከጀመርሁ በኋላ፣ ጅጋ ገበያ ላይ ጌሾ ስሸምት ነው። የነገረችኝ ሴት የማንኩሳ ሰው ናት፤ ማን እንደሆንሁ አታውቅም። «እኒያ ቅጠል የሚያበቅሉት ሴትዮ አረፉ አሉ» አለችኝ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። ጌሾውን እዚያው ጥዬ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ደንግጣ «ዘመድሽ ናቸው እንዴ?» አለችኝ። ዘመዴ አልነበሩም። ለብዙ ዘመን የቤታችን ደመኛ ነበሩ። ባሌን ከሞት ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ይህን ገበያ መሀል ተቀምጦ ለማያውቁት ሰው ማስረዳት ስለማይቻል «ጎረቤቴ ነበሩ» አልኋት። እሱም ቢሆን ውሸት አይደለም።

መንደራችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። የእሳቸውን ግቢና የእኛን ግቢ የሚለየው አንድ አጥር ነበር። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የባሌ የይግዛው ታላቅ ወንድም ታከለ በድንበር ጠብ የእሜቴን አንድ ልጅ አንዱዓለምን በጥይት መታው። ልጁ እዚያው ማሳው ላይ ሞተ። ታከለ ሸሽቶ ቆላ ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ ንዳድ ገደለው። እርቅ ሳይወርድ ስለሞተ ደሙ እንደ አገሩ ደንብ በታናሽ ወንድሙ በይግዛው ላይ ቀረ። እኔ ያገባሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሙሽራ ሆኜ ስገባ አስቀድሞ የተነገረኝ ነገር ከዚያ ቤት እሳት እንዳልጭር፣ እንዳልሰላም፣ ከእጃቸው ውኃ እንኳ እንዳልቀበል ነው። እሳቸውም ከእኛ ቤት እንደዚያው።

ሰላም ማለት ብከለከልም ማየት አልተከለከልሁም። አጥሩ ደግሞ ቀዳዳ ነበረው።

እሜቴ ረጅም ሴት ነበሩ። ሐዘኑ አላጎበጣቸውም። ሲሄዱ ቀጥ ብለው፣ ሲናገሩም ቀጥ አድርገው ነው፤ ምላሳቸው የሚያቃጥል ስለነበር ጭቃ ሹሙ እንኳ በደጃቸው ሲያልፍ እርምጃውን ያፈጥናል። ከቤታቸው ጓሮ ከትልቅ ዋንዛ ሥር የተሰበረ እንስራ፣ የተሰነጠቀ ጋን፣ አፉ የተሸረፈ ማሰሮ ተደርድሯል። በሁሉም ውስጥ የተተከለው አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ የከተማ ሰው ፈርን እያለ በየሳሎኑ የሚያስቀምጠው። እሳቸው ላባ ቅጠል ይሉት ነበር።

አንድ ነገር ነው አልሁ እንጂ አንድ ዓይነት አልነበረም። አንደኛዋ ረጅምና ጠባብ ናት፤ ቅጠሏ ግራና ቀኝ እኩል የተሰካ ስለሆነ ማበጠሪያ ይሏታል። ሁለተኛዋ ያችው ራሷ ናት፣ ግን እያንዳንዱ ቅጠል እንደገና ተበጣጥቆ ሌላ ቅጠል ሆኗል፤ እሷ ሹሩባ ናት። ሌላዋ ከጫፏ ስትደርስ ለሁለት ተከፍላ መስቀል ትሠራለች፤ መስቀሌ። አንዲት ደግሞ እጅብ ብላ ከመሬት የማትነሳ፣ ጠርዟ ሁሉ የተጨማደደ ነበረች። እሷን ባልቴት ብለው ነበር የሚጠሯት። ለቤት ሠራተኛቸው ሲነግሯት በአጥሩ በኩል እሰማለሁ፦ «ዘራቸው አንድ ነው። ግን እያንዳንዷ የራሷ አመል አላት። ይቺ ውኃ ሲዘገይባት ታኮርፋለች፤ ባልቴቷ ደግሞ ውኃ ሲበዛባት።»

የሚያገኟቸው ከዱር ነው። በበዓል ቀን ከቅዳሴ መልስ ወደ ላህ፣ ወደ ብር፣ አንዳንዴም በበቅሎ እስከ ፈጠም ድረስ ይሄዱና በየወንዙ ጥሻ ውስጥ ሲያስሱ ይውላሉ። ሌላው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቅጠል በሚያይበት ጥሻ እሳቸው ከመሀሉ አንዷን፣ ከእህቶቿ የተለየችውን ያያሉ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ እሷን በነጠላቸው አቅፈው ሲመለሱ ፊታቸው ላይ የማየው ነገር ያስቀናኝ ነበር። ሴቶቹ «ምነው እሜቴ፣ እዚህ ጎመን ቢተክሉበት አይሻልም?» ሲሏቸው «ጎመን ይበላል። ይቺ ትታያለች» ብለው ዝም ያሰኟቸዋል።

ኋላ ስንቀራረብ የነገሩኝ ግን ከሁሉ ይበልጥ ይደንቀኛል። ላባ ቅጠል አበባ የላትም፣ ፍሬም የላትም። ከቅጠሏ ጀርባ ቡናማ ትቢያ አለ። እሜቴ ያንን ትቢያ እርጥብ ገል ላይ ይነሰንሱና ጥላ ውስጥ ያኖሩታል። ለወራት ምንም የለም። ከዚያ ገሉ አረንጓዴ ይለብሳል፤ በዓመቱ የጥፍር ታህል ቅጠል ብቅ ትላለች። ባዶ ገል እያጠጡ ዓመት መቀመጥ እኔ አልችልም። ከዚያ ወዲህ ባየሁት ሁሉ ያስታወስሁት ይህን ትዕግሥታቸውን ነው።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ካፒቴን ወደ ፍኖተ ሰላም ሲያልፍ በቅሎውን ውኃ ሊያጠጣ ወደ መንደራችን ገባ። ከዋንዛው ሥር ያሉትን ቅጠሎች ሲያይ ከበቅሎው ወረደ። ሰውየው የአትክልት ፍቅር ያለበት ነበር፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ የቅጠሉን ጀርባ ሲያገላብጥ በአጥሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ። በቱርጁማኑ ይጠይቃል፤ እሜቴም ስለ ቅጠል የጠየቃቸውን ሰው ጠላትም ቢሆን ዝም ማለት አይችሉም ነበርና የየቅጠሉን ልዩነት አሳዩት። እሱ ደግሞ ገብቶት ነበር። ሲሄድ አንድ ማሰሮ አስጭኖ ሄደ። ተመልሶ መጣ፣ ሌላ ወሰደ። እየተመላለሰም ወሰደ። እምቢ የሚባል ሰው አይደለም፤ ጠመንጃ የያዙ አስካሪዎች ደጅ ቆመዋል።

መንደሩ ግን ሌላ አወራ። «ካፒቴን ይመላለስባቸዋል፤ ባንዳ ሆነዋል» ተባለ። እኛ ቤት ደግሞ የባሰ ተፈራ፤ ምክንያቱም ይግዛው ያኔ ዱር ቤቴ ብሎ ከአርበኞች ጋር ነበር። ደም የሚፈልግ ሰው ከጠላት ሹም ጋር ሲቀመጥ ማን ይተኛል?

የፈራነው ክረምት ላይ መጣ። አርበኞቹ ማንኩሳ አጠገብ የጣሊያንን ስንቅ ሲመቱ ይግዛው ጭኑን ተመታ። ጓደኞቹ በሽሽት ላይ ስለነበሩ ራቅ አድርገው መውሰድ አልቻሉም። ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ገደል፣ ከምንጩ በላይ ትንሽ ዋሻ አለች፤ አፏን የዱር ላባ ቅጠል እንደ መጋረጃ ጋርዶት የማያውቅ ሰው ዋሻ መኖሯንም አይለይም። እዚያ አስገቡትና ለእኔ መልእክት ልከው ሄዱ። ችግሩ፣ ቁስለኛ ተሸክመው ሲገቡ መጋረጃውን ቀዳደው ጥለውታል። ቅጠሉ ተረግጦ፣ ሥሩ ተገንጥሎ፣ ዋሻዋ አፏን ከፍታ ቀረች።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ መሆኑን አይቼ የስንቅ ቋጠሮዬን በነጠላዬ ሸፍኜ በጭጋጉ ውስጥ ወረድሁ። ምንጩ ዘንድ ስደርስ ቆምሁ። ቅዳሴ ቀርተው የማያውቁት እሜቴ አትጠገብ እዚያ ቆመዋል። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ታጥቀው እስከ ክርናቸው ጭቃ ገብተዋል። አጠገባቸው እንስራው፣ ማሰሮው፣ ጋኑ ሁሉ ባዶውን ተጋድሟል። በተቀደደው መጋረጃ ቦታ ሹሩባን፣ ማበጠሪያን፣ መስቀሌን አንድ በአንድ እየተከሉ ነበር። ካፒቴኑ ያስተረፈላቸውን ሁሉ።

አለቀልን ብዬ አለቀስሁ። እሳቸው ዘወር አሉ፤ ካገባሁ ጀምሮ ቃል ሲናገሩኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

«ልቅሶውን ለኋላ አድርጊውና ያችን ማሰሮ አቀብዪኝ።»

«እሜቴ፣ አንቱ ይህን እንዴት…»

«ትናንት ሲያስገቡት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ቆሜ አየሁ። በሬ እንኳ ቢሆን ቅጠሉን እንዲህ አያጠፋም። ዛሬ ወይ ነገ ፍለጋ ይመጣሉ።»

«ግን እሱ ደመኛዎ ነው።»

እጃቸውን ከጭቃው አውጥተው አዩኝ። «ደሜን ጣሊያን እንዲመልስልኝ አላዘዝሁም» አሉ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ይግዛው ከውስጥ ሰምቶ ኖሮ «እሜቴ» ብሎ ሲጣራ «ዝም በል» አሉት፤ ወደ ውስጥ ግን አልተመለከቱም። ማሰሮ እያቀበልሁ፣ አፈር እየረገጥሁ አብሬያቸው ሠራሁ። ቅዳሴ ሳይወጣ ዋሻዋ ጠፋች። ቄሱ ኋላ «ምነው ቀሩ?» ብለው ሲቆጧቸው ምክንያቱን ሳይናገሩ ንስሐውን ተቀበሉ፤ ስግደቱንም ሳያጎድሉ ፈጸሙ።

ሰኞ ዕለት ካፒቴኑ ከአስካሪዎቹ ጋር መጣ። መንደርተኛውን ሜዳ ላይ ሰብስቦ ይግዛው የት እንደተደበቀ ጠየቀ። ጭቃ ሹሙ ብልጠቱን ሊያሳይ ከፊት ወጣና ወደ እሜቴ እየጠቆመ «ጌታዬ፣ ሌላ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። ደመኛው እኒህ ናቸው። የይግዛውን መደበቂያ ሁሉ ያውቃሉ፤ እስኪገደል የሚቸኩል ከእሳቸው በላይ ሰው የለም» አለ። የአገሩን ደንብ ለሚያውቅ ሰው ትክክል ይመስላል። ካፒቴኑም አመነ። እሜቴ ነጠላቸውን አጣፍተው «እሺ፣ ተከተሉኝ» አሉ።

ያን ቀን ይግዛው የሌለበትን ዋሻ ሁሉ አዞሯቸው። ጭቃው፣ ዝናቡ፣ እሾሁ አስካሪዎቹን አሰለቻቸው። እኔና ሌሎች ሴቶች ውኃ የምንቀዳ መስለን ምንጩ ዘንድ ነበርን። ጀንበር ዘንበል ስትል ካፒቴኑ ራሱ «ቅጠሎቹ ከሚበቅሉበት ገደል አልገባንም» ብሎ ወደ እኛ ወረደ። ቅጠል የለመደ ዓይኑን ፈራሁት። ቅጠሉን እያየ መጣ፣ እያደነቀ መጣ፣ ከዚያ ቆመ።

ያየው መስቀሌን ነው። ሌላ ማንም ሰው፣ ጭቃ ሹሙም ቢሆን፣ ሺህ ጊዜ ቢያያት ቅጠል ናት ብሎ ያልፋታል። በዚያ አገር ከእሜቴ ሌላ እሷን ከዱር ላባ የሚለይ አንድ ሰው ቢኖር ይህ ሰው ነው፤ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።

«ይቺ ያንቺ ናት። እዚህ ምን ትሠራለች?» አለ በቱርጁማኑ።

ውኃ የምቀዳ መስዬ እንስራዬን ምንጩ ውስጥ ነከርሁ። እሜቴ ግን የተቆጣ ሰው አወጣጥ ወጥተው ፊቱ ቆሙ።

«ከአንተ ሸሽጌያት ነዋ። በመጣህ ቁጥር እየወሰድህ ጓሮዬን አራቆትህ። የወሰድሃቸውንም ፀሐይ ላይ አስቀምጠህ ፈጀሃቸው፤ ከቡሬ የመጣ ሰው ነግሮኛል። የተረፉትን ተሸክሜ እዚህ ደበቅሁ። እንግዲህ አገኘሃቸው።»

ቱርጁማኑ ሲነግረው የካፒቴኑ ፊት ቀላ። ሁሉም ይነቀሉ ብሎ አዘዘ። አስካሪዎቹ እጃቸውን ሰደዱ። እሜቴ ወደ ጎን ዞር ብለው መንገድ ለቀቁላቸው።

«ይንቀሏቸው» አሉ። «ትናንት የተተከለ ዛሬ ሲነቀል ምን እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ።»

ካፒቴኑ ተንበረከከ። ጣቱን ከሥሯ አፈር ውስጥ አስገባ፤ አፈሩ ገና ልል ነበር። መስቀሌን በእጁ ደገፍ አድርጎ አያት። ይግዛው ከቅጠሉ ወዲያ ነው፤ የካፒቴኑን ቀለበት አይቻለሁ፣ ትንፋሼ እንዳይሰማ ጋቢዬን ነክሼ ነበር ብሎ ኋላ ነግሮኛል። ካፒቴኑ ክንዱን ትንሽ ቢዘረጋ ፊቱን ይነካው ነበር። ሰውየው ግን ቅጠሏን እንዳትሰበር ቀስ ብሎ ለቀቃትና አስካሪዎቹን ከለከለ።

«ሥር እስኪይዙ ይቆዩ። መስከረም ሲጠባ ሁሉንም አስወስዳለሁ። አንቺ ግን አሁን ቡሬ ትሄጃለሽ፤ እዚያ የታመሙትን ታድኛቸዋለሽ። እነዚህ ከጎደሉ በአንገትሽ ነው።»

እሜቴ ይህን ሲሰሙ የሚመጣውን አውቀዋል። ቅጠሎቹ ሲነሱ ዋሻዋ ትታያለች፤ ከውስጧ የደም ጨርቅ ቢገኝ እሳቸው ይሰቀላሉ። ለይግዛው ጊዜ ገዙለት፣ በገዛ አንገታቸው። ከካፒቴኑ በቅሎ ኋላ በእግራቸው ቡሬ ድረስ ሄዱ። ሲያልፉ ዓይናቸውን ወደ እኔ አልመለሱም።

ይግዛውን ጓደኞቹ በቃሬዛ የብርን ወንዝ አሻገሩት። እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ ደግሞ ከቅጠሎቹ ጀርባ የዋሻዋን አፍ በድንጋይ ደፍነን፣ በጭቃ መርገን፣ ገደሉን መስሎ እንዲታይ የዛፍ ሽበት ለጠፍንበት። መስከረም ላይ አስካሪዎች ቅርጫት ጭነው መጡና ላባ ቅጠሎቹን ሁሉ ነቅለው ወሰዱ። ከኋላ ያዩት ገደል ብቻ ነው።

እሜቴን ግን አልለቀቋቸውም። ካፒቴኑ ከእሳቸው የተሻለ አትክልተኛ ከየት ያገኛል? እኔ ስንቅ ቋጥሬ ቡሬ ሄድሁ። የምሽጉ ደጅ ላይ ወጥተው አገኙኝና ቋጠሮውን አይተው መለሱልኝ።

«ከቤትሽ የተጋገረ አልበላም። ደሙ አልወረደም» አሉ።

ባሌን በነፍሳቸው ያዳኑ ሴት እንጀራዬን አልቀመሱም። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ኋላ እያሰብሁት ስሄድ ግን እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ መኖሩ አስፈራኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም። ከዚያ ወዲህ ከቡሬ ገበያ ጥሬውን ገብስ ሸምቼ ስሰጣቸው ተቀበሉኝ፤ ከቤቴ የወጣ አይደለማ። የገበያው ሰው እሳቸውን ሲያይ «የካፒቴኑ ባንዳ» እያለ ይተፋል። አንድ ቀን ተናድጄ ልናገር አፌን ስከፍት ክንዴን ጨበጡኝ። «ባልሽ ገና ዱር ነው። ዝም በይ» አሉኝ።

ጣሊያን ቡሬን ለቆ ሲወጣ እሜቴ ከምሽጉ ምንም ሳይዙ ወጡ። ምንም ያልሁት ሌላው ሰው ያየውን ነው። በነጠላቸው ጫፍ የየቅጠሉን ጀርባ ትቢያ ለየብቻ ቋጥረው ነበር። ገሉ ላይ ነስንሰው እንደገና ዓመት ጠበቁ። አንዳንዶቹ እናታቸውን መስለው ወጡ፤ ሹሩባ ግን ሹሩባ ሆና አልበቀለችም፣ ሌላ መልክ ይዛ መጣች። «አመሏን ቀየረች» ብለው ሳቁና አዲስ ስም ሰጧት።

ይግዛው የተመለሰው እያነከሰ ነው። የሠሩትን ለመንደሩ ሁሉ ተናገረ፤ የተፋባቸው ሰው ሁሉ እግራቸው ላይ ሊወድቅ መጣ። እሳቸው ማንንም አላስጠጉም። ደሙ ግን እንደነበረ ነበር። ሽማግሎችና ቄሱ መከሩ። ይግዛው በባዶ እግሩ፣ ወገቡን ታጥቆ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ በእሜቴ ደጅ ገባ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከበሩ አጠገብ ቆምሁ። እሜቴ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሎቹ ስለ ካሳ ጀመሩ፤ ከብቱን፣ መሬቱን ጠሩ።

«አባቶቼ፣ ትንሽ ዝም በሉልኝ» አሉ እሜቴ። «ይህን ሰው አንድ ነገር ልጠይቀው።»

ሽማግሎቹ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ታከለ ተኩሶ ሸሸ። አንተ ግን ከልጄ አጠገብ ነበርህ። እኔ የደረስሁት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ደመኛ ስለሆንን ልጠይቅህ አልቻልሁም፤ አንተም ልትነግረኝ አልቻልህም። አንዱዓለም ሲሞት ምን አለ?»

ይግዛው ከድንጋዩ በታች ቀና ለማለት ሞከረ። ለእኔ፣ ለሚስቱም፣ ይህን ነግሮኝ አያውቅም።

«ውኃ አለ፣ እሜቴ።»

«ሰጠኸው?»

«ከቦዩ በእፍኜ ቀድቼ ሰጠሁት።»

«ጠጣ?»

«ጠጣ። ድገመኝ አለኝ፣ ደገምሁለት።»

እሜቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ መሬት አዩ። «እንግዲያ ተጠምቶ አልሄደም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ያኔ ገባኝ። በዚያ እሑድ ጭቃ ውስጥ ቆመው ዋሻዋን ሲደፍኑ የሚጠብቁት ይህችን ቃል ነው። በዚህ ምድር ላይ የሚነግራቸው የቀረው ያ አንድ አፍ ብቻ ነበር፤ እሱ ሳይናገር እንዳይሞትባቸው ነው አንገታቸውን የሰጡት። ሽማግሎቹ ሲያለቅሱ እሳቸው አላለቀሱም። ቀና ብለው ቄሱን ተመለከቱ።

«ድንጋዩን አውርዱለት» አሉ። «እግሩ ገና አልዳነም።»